ኮምፒውተር ሲነሳ ሰዓቱን ከማን ይጠይቃል?

የደሴዋ ላቦራንት
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። 24 ዴስክቶፖች አሉኝ፤ ሁሉም ሌላ ቦታ አገልግለው የመጡ ናቸው፣ በሁሉም ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የተባሉ ሁለት ስርዓተ ክወናዎች ጎን ለጎን ተጭነዋል። ክፍሉ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከርሞ ባለፈው ሳምንት ስከፍተው የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሦስት ቀን አሰላስዬ ስላልተፈታልኝ ነው የምጽፈው።

7 ቁጥር የምለው ማሽን ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ኤፍ 1ን ተጫኑ ይላል። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ ሳይ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ነው። ምንም ሳልነካ ወጥቼ ዊንዶውስን ሳስነሳ እሱም 2009 ይላል። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። ያው ማሽን በኡቡንቱ ሲነሳ ግን 2009 አይልም፤ ጁላይ 11 ቀን 2025 ይላል። ይህ ቀን ሐምሌ 4 ነው፤ ለክረምት እረፍት ክፍሉን የቆለፍኩበት አርብ! ሰዓቱ ሳይቀር ማሽኖቹን ያጠፋሁበት ሰዓት ነው። ባዮሱ እንኳን ያላስታወሰውን ቀን ኡቡንቱ ከየት አመጣው?

ሁለተኛው ጉዳይ፦ ሁለት ማሽኖች ላይ በራሴ ገንዘብ አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስገብቼ ነበር። እነዚህ ቀኑን አይረሱም፤ ነገር ግን በኡቡንቱ ሠርተን ቀጥለን ዊንዶውስ ስናስነሳ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 9፡00 ማለት ሲገባው 6፡00 ይላል። በዊንዶውስ በእጄ አስተካክዬ ወደ ኡቡንቱ ስመለስ ደግሞ 12፡00 ይላል። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጎብጣል።

ሦስተኛ፣ የኔትወርካችን የመግቢያ ገጽ በኡቡንቱ አልከፈት ብሏል። አሳሹ “የዚህ ገጽ የምስክር ወረቀት ገና አልጸናም” ይላል። ገጹ ካልተከፈተ ደግሞ ኢንተርኔት የለም።

ንብረት ክፍል ማሽኖቹ ተበላሽተዋል ተብለው ወደ መጋዘን ይግቡ እያለ ነው። ልጆቹ አሁንም ሦስት ሦስት ሆነው ነው አንድ ማሽን የሚጋሩት። ከ24ቱ አንዱም ቢሆን በሰዓት ምክንያት ሲወጣ ማየት አልፈልግም። እባካችሁ፣ የምታውቁ ከሥሩ ጀምራችሁ አስረዱኝ።

አሮጌ ማሽን ጠጋኝ
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

እህቴ፣ አንድም ማሽን ወደ መጋዘን እንዳይገባ። አንድ ቀን ጠብቂኝ በያቸው። የዘረዘርሽው ሁሉ የሚድን ነው፤ አብዛኛው የሚድነውም በአንድ ክብ ባትሪ ነው።

ኮምፒውተር ሲነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከራሱ አያውቅም፣ ይነገረዋል። ነጋሪዎቹ ተራ በተራ ነው የሚመጡት፣ የኋለኛው የፊተኛውን ቃል ይሽራል። አንቺ 2009ን፣ ሐምሌ 4ን፣ ሦስት ሰዓት የጎደለውንና ሦስት ሰዓት የተረፈውን ያየሽው የተለያዩ ነጋሪዎችን ስለሰማሽ ነው። በቅደም ተከተላቸው ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ነጋሪ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሰዓት ቺፕ ነው። ድሮ እሱም አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳ ነበር። እኔ በ1982 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ቢሯችን ውስጥ ከዚያ ዘር የሆነ አንድ ማሽን ነበረ። ጠዋት ሲበራ የዚያን ዘመን ስርዓተ ክወና ዶስ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ይጠይቃል። የምትጽፍበት እህታችን ሥራ ሲበዛባት ኤንተርን ሁለት ጊዜ መትታ ታልፈው ነበር፤ በዚያን ቀን የተቀመጠ ደብዳቤ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 የሚል ቀን ይዞ ይቀራል። ዶስ መልስ ካላገኘ የሚነሳው ከዚያ ቀን ነበርና። በኋላ የደብዳቤዎቹን ቅደም ተከተል ለማወቅ ወረቀቱን ከመዝገብ እያወጣን ማስተያየት ነበረብን። በሰዓት ጉዳይ እንዲህ የምጨነቀው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤቲ የተባለው ማሽን ግን የሞቶሮላን 146818 ቺፕ ከባትሪ ጋር ይዞ መጣ። ቺፑ 64 ባይት ብቻ ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ 14 ለሰዓቱ፣ የቀሩት 50 ለማሽኑ ቅንብር። ዛሬ ያንቺ ማሽኖች ውስጥ ያ ቺፕ ብቻውን አይታይሽም፣ ትልቁ ቺፕሴት ውስጥ ገብቷል፤ ግን ሶፍትዌሩ ዛሬም የሚያናግረው በዚያው በ1984ቱ ቋንቋ ነው።

የቺፑ ልብ ትርታ ከኳርትዝ ክሪስታል ነው የሚመጣው። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ስትከፍዪው ልክ 1 ይወጣል። ይህ ክሪስታል የሚስማማው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል፣ በሁለቱም በኩል። የደሴ ክረምት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርገው አስቢው። ጤነኛ ክሪስታልም ቢሆን በቀን እስከ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢስት አይገርምም፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል። ስለዚህ ባትሪው ደህና የሆነ ማሽን መስከረም ላይ ደቂቃ ቢያዛንፍ አትደንግጪ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ስትወጪ የክፍሉን ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ታወርጃለሽ? እንደምታወርጂ እገምታለሁ፣ ጥንቃቄም ነው። ዴስክቶፕ ቢጠፋም ገመዱ ላይ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚመገበው ከዚያ ነው፤ ባትሪው አይነካም። ዋናው ሲወርድ ግን ባትሪው ብቻውን ይሸከመዋል። ያንቺ ማሽኖች በየሌሊቱና ክረምቱን ሙሉ ከባትሪ ሲበሉ ነው የኖሩት። ባትሪው ሲያልቅ ቺፑ “የያዝኩት ሰዓት አይታመንም” የሚል አንድ ምልክት ያነሳል፤ ባዮስ ያንን አይቶ ፋብሪካው የሰጠውን ቀን ይጽፍበታል፣ ኤፍ 1ን ተጫኑ ብሎም ይቆማል። 2009 ማለት ይህ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ምናልባትም ካለው ሁሉ ርካሹ ዕቃ አልቆበት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። የኡቡንቱ ከርነል ሊኑክስ ገና ሲነሳ ያንን ቺፕ አንድ ጊዜ ያነበዋል። እዚህ ጋ የማልጠግበው አንድ ነገር አለ። ቺፑ ቁጥሮቹን በሰከንድ አንድ ጊዜ ይቀይራል። ከርነሉ ልክ 8፡59፡59 ወደ 9፡00፡00 ሲዞር ደርሶ ሰከንዱን ከአሮጌው፣ ደቂቃውንና ሰዓቱን ከአዲሱ ቢያነብ 9፡00፡59 ብሎ ይመዘግባል፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ቺፑ ሊቀይር ሲል አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፣ ከርነሉም ምልክቱ እስኪወርድ ቆሞ ይጠብቃል። በር ላይ የሚወጣውን ሰው አሳልፎ እንደሚገባ እንግዳ ማለት ነው። ደግሞም ቺፑ ከሰከንድ በታች ያለውን አይናገርም። 9፡00፡00 ሲል ገና መግባቱ ይሁን ሊወጣ የቀረበ አይታወቅም። ስለዚህ ሊኑክስ ግማሽ ሰከንድ ይጨምርበታል፣ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ።

ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ይለውጠዋል፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ጀምሮ ስንት ሰከንድ አለፈ? በእኛ አቆጣጠር ያ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበረች። በ7 ቁጥር ላይ ኡቡንቱን አስነሺና የከርነሉን የመነሻ መዝገብ ተመልከቺ። “የሲስተሙን ሰዓት ወደ… አስተካክላለሁ” የሚል የእንግሊዝኛ መስመር አለው፣ በቅንፍ ውስጥም በ1,230,7 የሚጀምር ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ታገኛለሽ። 1,230,768,000 ማለት የ2009 የመጀመሪያዋ ሰከንድ ናት። ስለዚህ ኡቡንቱም መጀመሪያ የሰማው 2009ን ነው። እንደ ዊንዶውስ ሰምቷል።

ከዚህ በኋላ ከርነሉ ወደ ቺፑ አይመለስም። ሰዓቱን በራሱ ይቆጥራል፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ቆጣሪ። የዚያን ቆጣሪ ፍጥነት የሚያውቀውም ሲነሳ ከሌላ ፍጥነቱ ከታወቀ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ይህ አስተያዪ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታው ቆጣሪ ነው፣ ከ1981ዱ ማሽን ጀምሮ ያልተለወጠ።

ታዲያ ሐምሌ 4 ከየት መጣ? ሦስተኛው ነጋሪ ነዋ። ኡቡንቱ ውስጥ ሰዓት የሚያስተካክል አገልግሎት አለ፣ ታይምሲንክ የሚባል። ሥራው ኢንተርኔት ላይ ሰዓት መጠየቅ ነው፤ ግን አንድ አስተዋይ ልማድ አለው። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ዲስኩ ላይ አንዲት ባዶ ፋይል እየነካ ያልፋል፣ የፋይሏም “የተቀየረበት ጊዜ” የመጨረሻው የታመነ ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ከቺፑ የመጣው ሰዓት ከፋይሏ ወደ ኋላ ከሆነ የፋይሏን ይወስዳል። ጊዜ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ስለሚያውቅ ነው። አንቺ አርብ ማታ ያጠፋሽው ማሽን የመጨረሻ ማስታወሻ ይህ ነበር። 2009 ውሸት መሆኑን አወቀ፤ ክረምቱ እንዳለፈ ግን ማን ይንገረው?

የመግቢያው ገጽ ችግርም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ዛሬ የሚጠቀሙት የምስክር ወረቀት 90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው። ገጻችሁ ነሐሴ ላይ ወረቀቱን አድሶ ከሆነ፣ ሐምሌ 4 ላይ ቆሞ ለሚያይ ማሽን ወረቀቱ ገና ወደፊት የሚጸና ነው። አሳሹ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ቀኑ ነው። ሰዓቱን ለማስተካከል ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለመክፈት ትክክለኛ ሰዓት። ይህን ቋጠሮ የምትፈቺው በእጅሽ ነው፤ ባዮስ ውስጥ ገብተሽ የዛሬን ቀን አንድ ጊዜ ጻፊ፣ ቀሪው ራሱ ይቀጥላል።

አራተኛው ነጋሪ ኢንተርኔቱ ነው። ማሽንሽ ሰዓት ጠያቂ መልእክት ይልካል፣ አገልጋዩም ይመልሳል። መልእክቱ በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ እንዴት ይታወቃል? እንዲህ አስቢው። ማሽንሽ በራሱ ሰዓት ልክ በ0.000 ሰከንድ ላከ። አገልጋዩ በእሱ ሰዓት በ5.040 ተቀበለ፣ በ5.041 መለሰ። መልሱ ማሽንሽ ጋ በራሱ ሰዓት በ0.081 ደረሰ። መሄጃና መመለሻው 80 ሺኛ ሰከንድ ወሰደ፣ ግማሹ 40 ነው፤ እንግዲህ ማሽንሽ ልክ 5 ሰከንድ ዘግይቷል። መሄጃው ከመመለሻው እኩል እስከሆነ ድረስ ስሌቱ አይስትም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1985 በደንብ መልክ ጽፎ ያወጣው በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ሚልስ ነው። ከልደቱ ጀምሮ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ለዚህ ሥራ ሰጥቶ በጃንዋሪ 2024 ዐረፈ። ስልክሽም ላፕቶፕሽም ዛሬ ሰዓታቸውን የሚያቃኑት በዚሁ ሐሳብ ነው።

አንዴ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ከታመነ በኋላ ከርነሉ በየ11 ደቂቃው ትክክለኛውን ሰዓት ወደ ቺፑ መልሶ ይጽፋል። እና የሦስት ሰዓቱ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ኡቡንቱ ቺፑ ላይ የሚጽፈው የግሪንዊችን ሰዓት ነው፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ዊንዶውስ ደግሞ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ቺፑ ላይ ያለው የአገሬው ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። ጠዋት 9፡00 ላይ ቺፑ 6፡00 ይላል፣ ኡቡንቱ 3 ደምሮ 9 ያሳያል፣ ዊንዶውስ እንዳለ 6 ያሳያል። አንቺ በዊንዶውስ 9 ብለሽ ስታስተካክዪ ቺፑ ላይ 9 ይጻፋል፤ ኡቡንቱ 3 ደምሮ 12 ይላል። ሁለቱም እንደ እምነታቸው ልክ ናቸው፣ አንድ ደብተር በሁለት ቋንቋ እያነበቡ ነው።

መፍትሔው አንዱን ማስማማት ነው። ኡቡንቱን የአገሬውን ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ በበጋና በክረምት ሰዓት በሚቀያይሩ አገሮች ይህ ብዙ ጣጣ አለው፣ እኛ ግን ሰዓት ስለማንቀይር ያ ጣጣ አይነካንም። ይሁንና እንዲህ ካደረግሽ ኡቡንቱ ቺፑን ማቃናቱን ይተዋል፣ ይህንኑም ራሱ ያስጠነቅቅሻል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ዊንዶውስን ማስማማት ነው። ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ የሰዓት ክልል መረጃ በሚቀመጥበት ቦታ ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል የሚል ዋጋ ፍጠሪና 1 አድርጊው። በ24ቱም ላይ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ አይነካም።

ነገ የምትጀምሪውም ቮልት በሚለካው መልቲሜትር ነው። ባትሪው ላይ 2032 የሚል ታያለሽ፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። አዲሱ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል። ከ2.5 በታች ያየሽውን ቀይሪ። ቁጥሩን ግን ጻፊና አምጪልኝ።

የቢሾፍቱው ጫጩት አርቢ
መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ የራሴ ችግር ምን እንደነበረ ዛሬ ገና ገባኝ። ቢሾፍቱ ከአባቴ ጋር ጫጩት እናሳድጋለን። የቤቱን ሙቀት በየ5 ደቂቃው እንዲመዘግብ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጬ ነበር። ይህ ማሽን የሰዓት ቺፕም ባትሪም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይ 5 ነው ቺፑን ይዞ የመጣው፤ እሱም ባትሪው ለብቻ ይገዛል። በእኔው ላይ ያለው ሶፍትዌር ሰዓቱን በየሰዓቱ ፋይል ላይ እያስቀመጠ ሲነሳ ከዚያ ይቀጥላል።

አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ከ40 ላይ መብራት ሄደ፣ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ፓይው ሲነሳ ፋይሉ ላይ ያገኘው 7 ሰዓት ከ17ን ነበርና ከዚያ ቀጠለ። ጠዋት መዝገቡን ሳይ ለ7 ሰዓት ከ25 ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ 32 ዲግሪ፣ ሌላው 19 ዲግሪ። አባቴ “በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሙቀት ነበረው?” አለኝ። ምን ልመልስለት? መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ሙቀት መለኪያውን ጥዬ አዲስ ገዛሁ። ከሦስት ሰዓት በላይ ጫጩቶቹ በብርድ ማደራቸውን መዝገቡ ደብቆኝ ነበር፤ 41 ጫጩት ሞቶብናል።

አሁን ዲኤስ 3231 የምትባለውን ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ ጨምሬበታለሁ። ውስጧ ሙቀትን እየለካ ራሱን የሚያርም ክሪስታል አለ፣ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አትስትም። ለሚገዛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ርካሾቹ ሰሌዳዎች ባትሪውን ቻርጅ ለማድረግ የተሠሩ ናቸው፤ ተራውን 2032 ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ አደጋ አለው። የሚሞላውን ዓይነት ተጠቀሙ፣ ወይም ቻርጅ የሚያደርገውን መስመር ቁረጡት።

የደሴዋ ላቦራንት
መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። ልክ ነዎት፣ ማታ ማታ ዋናውን አወርዳለሁ። 24ቱንም ከፍቼ ለካሁ። 17ቱ ከ2.5 ቮልት በታች ናቸው፤ አንዱ 0.4 ብቻ ያሳያል። በ7 ቁጥር ላይ የከርነሉን መዝገብ ስከፍት መስመሩን አገኘሁት፣ ቁጥሩ 1,230,768,094 ነው። አንድ ደቂቃ ከ34 ሰከንድ! ማሽኑ 2009 ላይ ከተነሳ ኡቡንቱን እስክመርጥ የቆየሁበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹን ጠርቼ አሳየኋቸው፣ አንዱ ልጅ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ አካፍሎ 2009 ላይ ሲደርስ ጮኸ።

ቀኑን ባዮስ ላይ ከጻፍኩ በኋላ የመግቢያው ገጽ ወዲያው ተከፈተ። ርእሰ መምህሩ መጥተው አዩ፣ የመጋዘኑ ነገር ቀርቷል፤ ለባትሪዎቹም ገንዘብ ፈቅደዋል።

የቀረኝ 12 ቁጥር ነው። አዲስ ባትሪ ነው ያስገባሁለት፣ ባትሪው ሲለካ 3.1 ያሳያል፣ ግን ዋናውን አውርጄ ስመልስ እንደገና 2009 ይላል። ቺፑ ሞቶ ይሆን?

አሮጌ ማሽን ጠጋኝ
መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እህቴ፣ ልጁ ሲጮህ መስማት ነበረብኝ!

ቺፑ መሞቱን እጠራጠራለሁ። ባትሪውን አውጪና ማስቀመጫውን በእጅ ባትሪ ብርሃን ተመልከቺ። ከታች አንዲት የብረት ምላስ አለች። ለዓመታት ተጭና ስለኖረች ጠፍጥፋ ባትሪውን ላትነካ ትችላለች፤ ወይም የድሮው ባትሪ ፈሶባት አረንጓዴ ሆናለች። አረንጓዴ ከሆነች በጥጥና በአልኮል ጠርጊያት፤ ከተኛች በቀጭን ነገር በጥቂቱ ቀና አድርጊያት። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይሁን። ከዚያ ባትሪውን ብቻውን አትለኪው፤ ማስቀመጫው ውስጥ ሆኖ አንዱን ጫፍ በማስቀመጫው እግር ላይ አድርገሽ ለኪው። እዚያ 3 ካላየሽ ኤሌክትሪኩ ቺፑ ጋ አይደርስም ማለት ነው።

ሌላም ምክር አለኝ። ኢንተርኔቱ በየጊዜው ስለሚጠፋባችሁ ከማሽኖቹ አንዱን፣ ባትሪውና ዲስኩ ደህና የሆነውን፣ የክፍሉ ሰዓት ነጋሪ አድርጊው። ክሮኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚበትና ኢንተርኔት ባይኖርም በራሱ ሰዓት መልስ እንዲሰጥ ፍቀጂለት፤ ሌሎቹ 23 ከእሱ ይጠይቁ። እነሱም ላይ ክሮኒን ካደረግሽ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 መልሶች ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ሆኖ ከተገኘ በአንዴ እንዲዘል ንገሪው። ለዚሁ ሥራ ይውል የነበረው የድሮው ፕሮግራም ልዩነቱ ከ1,000 ሰከንድ ካለፈ ግራ ተጋብቶ ሥራውን ያቆም ነበር፤ ከ2009 የሚነሳ ማሽን ይዘሽ እንዲህ ያለውን አትመኚም።

የባሕር ዳሩ መዝገብ ቤት
መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ጥያቄዬ ከዚህ ይቀራረባል። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ታላቅ ባልደረባችን ኮምፒውተሯ በእኛ ሰዓት ካላሳየ አትሠራም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3፡00 እንዲል በእጅዋ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ከሰዓት ሲደርስ ተመልሶ በፈረንጁ ሰዓት ይሆንባታል፣ ኮምፒውተሩ አልታዘዘኝም ትላለች። ፋይሎቿም ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል። እኔ እርሷን መቃወም አልፈልግም፤ ሰዓታችን ሰዓታችን ነው፣ ልክ ናት። ምን ላድርግላት?

አሮጌ ማሽን ጠጋኝ
መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ወንድሜ፣ ባልደረባህ ልክ ናቸው፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ 3 ሰዓት ሲሆን 9 የሚል ስክሪን እኔንም አይመቸኝም። የሚስተካከለው ግን ማሳያው እንጂ የማሽኑ ውስጣዊ ሰዓት መሆን የለበትም። እርሳቸው በእጅ ሲቀይሩት የነኩት ያንን ከ1970 ጀምሮ የሚቆጠረውን ሰከንድ ነው፤ ለዚህ ነው ፋይሎቹ የተምታቱት፣ ለዚህም ነው ከኢንተርኔት የሚመጣው ነጋሪ በየጊዜው የሚመልሰው።

ውስጡን ተወው፣ የሰዓት ክልሉን ብቻ ቀይርላቸው። እኛ ከግሪንዊች 3 እንቀድማለን፤ 6 ቢቀነስ ከግሪንዊች በ3 ወደ ኋላ የሚቀር ክልል ይሆናል። ቦነስ አይረስ እዚያ ነው፣ ሰዓትም አይቀያይርም። እሱን ምረጥና ማሳያውን ባለ 12 ሰዓት አድርገው። የሚሆነውን ተመልከት፦ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 12፡00 ይላል፣ ቀኑም የሚቀየረው ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰዓቱ ጎን ኤኤም፣ ሌሊቱን ሙሉ ፒኤም ይላል። ለእርሳቸው ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ሌሊት ነው ብለህ ንገራቸው፤ በትክክል ይገጥማል። አንድ ጉድለት አለው፤ ከሌላ ሰው የሚመጣ የስብሰባ ቀጠሮም በዚሁ ሰዓት ነው የሚታየው። ለእርሳቸው ግን ያ ጉድለት ሳይሆን የሚፈልጉት ነው።

የሰከንዱ ቆጠራ ከተነሳ ደግሞ አንድ ነገር ላክልበት፤ አሮጌ ማሽን ያላችሁ ሁሉ ስሙ። በ32 ቢት የሚቆጥሩ ሶፍትዌሮች ውስጥ ያ ቁጥር 2,147,483,647 ላይ ሲደርስ ሞልቶ ወደ 1901 ይመለሳል። የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ቆጥሬዋለሁ፤ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ነው፣ ሕዝቡ ሌሊቱን በታቦቱ ዙሪያ አድሮ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆሞ ሳለ። ባለ 64 ቢት ኡቡንቱ የጫናችሁ አያሰጋችሁም። 32 ቢት የቀራችሁ ግን 12 ዓመት አለን ብላችሁ አትተኙ፤ የብድርና የጡረታ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም 2030ን ከአሁኑ ነው የሚነካው።

የደሴዋ ላቦራንት
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጋሼ፣ የ12 ቁጥር ምላስ ተኝታ ነበር። በመርፌ ቀና አደረግኳት፣ ማስቀመጫው ላይ ስለካ 3.1 ሰጠኝ። ቅዳሜና እሑድ ዋናውን አውርጄ ዛሬ ጠዋት ስከፍት ቀኑን ይዞ ጠበቀኝ፤ ከስልኬ በ2 ሰከንድ ብቻ ነው የዘገየው።

16 ባትሪ ነው ገበያ ላይ ያገኘነው። 3 ቁጥር ማሽን የክፍሉ ሰዓት ነጋሪ ሆኗል፣ ባለ 11ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ናቸው ክሮኒን ያዘጋጁት። ዊንዶውሶቹንም ሁሉ ወደ ግሪንዊች ሰዓት አዛውሬያለሁ፣ ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስንመላለስ አሁን አይጣሉም። 19 ቁጥር ባትሪ ስላልደረሰው እስከ ሐሙስ ድረስ ዋናውን ሳወርድ የእሱን ገመድ ኮሪደሩ ላይ ባለው ሌላ መስመር ሶኬት ላይ ሰክቼለት እሄዳለሁ።